እንደራሴ የማን ነው? የቢቸናና የሞጣ መራጭ ከ1923 እስከ 2013 ዓ.ም.

የገጠር ምርጫ ክልል ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው አሸናፊዎችን በመቁጠር ነው፤ ማን ተመረጠ፣ በስንት ድምፅ፣ በየትኛው ድርጅት ስም የሚሉት ጥያቄዎች ከተመለሱ ታሪኩ የተሟላ ይመስላል። በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ ምድር ግን ይህ አጻጻፍ ሩቅ አያስኬድም፤ የአካባቢው ገበሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ከሰጠበት ከ1950 ዓ.ም. አንሥቶ እስከ 2013 ዓ.ም. ምርጫ ድረስ ባሉት ስድሳ ሦስት ዓመታት ውስጥ፣ ፍላጎቱን ለመንግሥት በማያሻማ መንገድ ያስታወቀባቸው ቀናት ብዙዎቹ የምርጫ ቀናት አልነበሩምና። የዚህ ዲስኩር ጥያቄም ከዚሁ ይነሣል፦ ተመራጭ የተባለው ሰው በየዘመኑ የማን ሰው ነበር?

ጥያቄው በአማርኛው ቃል ውስጥ አስቀድሞ አለ። «እንደራሴ» ማለት «እንደ እኔው ራሴ» ማለት ሲሆን፣ ከፓርላማ በፊት ቃሉ የሚያገለግለው በንጉሥ ፈንታ ሆኖ አገር ለሚያስተዳድር ሰው ነበር፤ ተፈሪ መኰንን በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ይባሉ የነበረው በዚህ ትርጉም ነው። የሕዝብ ምክር ቤት ሲቋቋም ይኸው ቃል ከዙፋኑ ሥር ተነሥቶ የባላገሩ ሆነ፤ «ራሴ» የሚለውም ንጉሡ መሆኑ ቀርቶ መራጩ እንዲሆን ታሰበ። ቃሉ በአንድ አዋጅ ቦታ መለወጥ ችሏል፤ ሥልጣኑ ቃሉን ተከትሎ መሄድ አለመሄዱን ግን በአንድ አገር መርምሮ ማየት ያስፈልጋል።

ቢቸናና ሞጣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከጎጃም ጠቅላይ ግዛት አውራጃዎች ሁለቱ ነበሩ። ምድራቸው ከጮቄ ተራራ ደጋ እስከ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሲሆን፣ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ ዛሬ ሁለቱን ከተሞች ያገናኛቸዋል። ቢቸና የእነማይ ወረዳ፣ ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ሆነው ሲታወቁ፣ በዙሪያቸው እናርጅ እናውጋ፣ እነብሴ ሳር ምድር፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴና ሸበል በረንታን የመሳሰሉ ወረዳዎች ይገኛሉ። ነዋሪው ጤፍና ስንዴ የሚያርስ፣ በደብርና በአጥቢያው ተሰባስቦ የሚኖር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በርስቱ የሚታወቅ ገበሬ ነው።

ርስት ማለት ሰው ከአንድ አቅኚ አባት በመወለዱ ብቻ በመሬት ላይ የሚያገኘው መብት ሲሆን፣ ትውልዱ በአባትም በእናትም ስለሚቆጠር አንድ ገበሬ በበርካታ ቦታዎች ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ ምክንያት መሬት ማልማት ብቻውን አይበቃም፤ መሟገትም ግድ ይሆናል፤ መሟገት ደግሞ ወኪል ይፈልጋል። በጎረቤቱ በደጋ ዳሞት የርስት ሥሪትን ያጠናው አለን ሆበን ካሳያቸው ነገሮች አንዱ «ፈጅ» የሚባለው ሰው ሚና ነው፤ ፈጅ ከአንድ አባት የሚወለዱ ባለ ርስቶች የጋራ መሬታቸውን እንዲጠብቅላቸው፣ ድርሻ እንዲያከፋፍልላቸውና በዳኛ ፊት እንዲቆምላቸው የሚወክሉት ሰው ነበር። ፈጅ ሊሆን የሚበቃው የትውልድ ሐረጉን ቆጥሮ የሚያውቅ፣ አንደበቱ የተባና ከወካዮቹ ጋር አንድ መሬት የሚካፈል ሰው ነው፤ እነርሱ ሲረቱ እርሱም ይረታል፣ እነርሱ ሲያሸንፉ እርሱም ያሸንፋል። ከእርሱ ጎን፣ ግብር የሚያስገባውና የአጥቢያውን ትንንሽ ነገር የሚያይ ጭቃ ሹም በባለ ርስቶቹ መካከል በተራ ይሾም ነበር፤ ጠላት ሲመጣ ወይም መንግሥት ሲላላ ደግሞ የአገሩ ሰው ከመካከሉ «የጎበዝ አለቃ» ብሎ መሪ ያቆማል። እንግዲህ የምርጫ ሕግ ወደ ቢቸናና ሞጣ ሲደርስ ውክልናን የማያውቅ ሕዝብ አላገኘም፤ ያገኘው ወኪሉን በቅርብ የሚያውቅ፣ በቅርብም የሚጠይቅ ሕዝብ ነበር።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የጸደቀውና በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን ፈጠረ። አንደኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንቱ የሚሾሙት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፣ ሁለተኛው ደግሞ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሲሆን፣ የሁለተኛውን አባላት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና ሹማምንቱ እንዲመርጡ ተደነገገ። በጎጃም ያኔ ሥልጣኑ የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበር፤ እርሳቸው በ1924 ዓ.ም. ከሥልጣን ከተነሡ በኋላ ደግሞ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ተተኩ። በዚህ አሠራር «ራሴ» የሚለው ባላባቱ እንጂ ገበሬው አልነበረም፤ ለቢቸና ጭቃ ሹም አዲሱ ምክር ቤት ከሩቅ የሚሰማ ዜና ነበር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላም ቢሆን አካባቢው ከመንግሥት ጋር የተነጋገረው በምክር ቤት በኩል አይደለም። ወረራውን በዓባይ ሸለቆ የተዋጉትና ከድል በኋላ ቢቸናን ያስተዳደሩት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጡ፤ ይህም በተዋጉበት ምድር ለማዕከላዊው መንግሥት የነበረውን ስሜት ለረጅም ጊዜ አቀዘቀዘው። አዲሱ የመሬት ግብርም በጎጃም ተቃውሞ ስለገጠመው፣ መንግሥት በ1937 ዓ.ም. ግድም ጎጃም፣ በጌምድርና ትግሬ መሬታቸው ሳይለካ ከጠላት ወረራ በፊት በነበረው ግብር እንዲቀጥሉ ፈቀደ። የሌላው አገር መሬት በጋሻ ተለክቶ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ሲመደብ የጎጃም ርስት ቀላድ ሳይነካው ቀረ፤ ቀላድ ማለት መሬት የሚለካበት ገመድ ሲሆን፣ ይህ ገመድ ከሃያ ዓመት በኋላ የምርጫው ታሪክ ዋና ቋጠሮ ሆኖ ይመለሳል።

ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ቀጥተኛ ድምፅ እንዲመረጡ ደነገገ። አገሪቱ በተቻለ መጠን ሁለት መቶ ሺህ ሰው በሚይዙ የምርጫ ክልሎች ተከፍላ እያንዳንዱ ክልል ሁለት እንደራሴዎችን እንዲልክ፣ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ወንድ ሴት ሳይባል እንዲመርጥ፣ ተመራጩ ደግሞ ቢያንስ የ25 ዓመት ሰው፣ በክልሉ የሚኖርና በዚያው ንብረት ያለው እንዲሆን ተወሰነ። የመጀመሪያው ምርጫ ከመስከረም 2 እስከ መስከረም 30 ቀን 1950 ዓ.ም. ሲካሄድ 210 እንደራሴዎች ተመረጡ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆነው ገቡ። ከዚያ በኋላ በ1953፣ በ1957፣ በ1961ና በ1965 ዓ.ም. በየአራት ዓመቱ ምርጫ ተካሂዷል።

ሁለት ነገሮች የዚህን ዘመን ምርጫ በቢቸናና በሞጣ ልዩ መልክ ሰጥተውታል። የመጀመሪያው የፖለቲካ ፓርቲ ያልተፈቀደ መሆኑ ነው፤ ዕጩው የሚቀርበው በስሙ፣ በትውልዱና በሀብቱ ስለነበር፣ መራጩ በሐሳብ መካከል ሳይሆን በሰዎች መካከል ይመርጥ ነበር። ሁለተኛው የንብረት መስፈርቱ ነው፤ ርስት በገበያ የማይሸጥና በገንዘብ ያልተተመነ መብት በመሆኑ፣ ንብረት አለኝ ብሎ በወረቀት ማስመስከር የሚቀልለው ከሹመት፣ ከንግድ ወይም ከከተማ ቤት ጋር ለተያያዘ ሰው ነበር። ከዚህም የተነሣ ሕጉ ለገበሬው የመምረጥ መብት በሰፊው ሲሰጥ፣ የመመረጡን በር ግን ገርበብ አድርጎ ተወው። እንደራሴው ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ከፈጅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ፈጅ በተሟገተበት መሬት ላይ አብሮ ያርሳል፣ እንደራሴው ግን የድምፁን ባለቤት በአራት ዓመት አንዴ ቢያገኝም ወንበሩ አይነቃነቅም።

ይህ ልዩነት በ1960 ዓ.ም. ፈተና ላይ ወደቀ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 255 የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር፣ የቀድሞውን አሥራት ሽሮ ገበሬው ከምርቱ በሚያገኘው ገቢ መጠን ግብር እንዲከፍል የሚያዝዝ ነበር። ሕጉ የወጣው በሥርዓቱ ነው፤ በሕግ መምሪያው ምክር ቤት ክርክር ተደርጎበት፣ ማሻሻያ ገብቶበትና ጸድቆ ነበር፤ በምክር ቤቱም ጎጃም ሦስት ጊዜ መርጦ የላካቸው እንደራሴዎች ተቀምጠውበታል። በወረቀት ላይ ሲታይ የቢቸናና የሞጣ ገበሬ በእንደራሴው አፍ «ይሁን» ብሏል ማለት ነው።

የግብር ገማቾቹ ወደ አገሩ ሲሄዱ የታየው ግን ሌላ ነው። የምርት ገቢን ለመገመት እርሻውን ማየት፣ እርሻውን ለማየት ደግሞ ስፋቱን ማወቅ ስለሚያስፈልግ፣ ገበሬው ከገማቹ ጀርባ ቀላዱ ታየው፤ ቀላድ ደግሞ በሌላው አገር ምን እንዳስከተለ፣ ማለትም ባለ ርስቱን ጭሰኛ እንዳደረገ ከተጓዥና ከወታደር ሰምቷል። ስለዚህ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት የአመፁ ዋና ማዕከላት ተፈጠሩ፤ ገበሬው በየአጥቢያው ተሰብስቦ ተማማለ፣ የጎበዝ አለቆቹን መረጠ፣ ገማቾችን ከአገሩ መለሰ፣ ከዚያም አቤቱታውን የሚያቀርቡለት መልእክተኞች መርጦ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ላከ። ልብ ሊባል የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው፦ መልእክተኞቹ የሄዱት የአካባቢው እንደራሴዎች ወደሚቀመጡበት ከተማ ሲሆን፣ የሄዱት ግን እንደራሴዎቹን አልፈው ነው።

መንግሥት በመጀመሪያ የመለሰው በኃይል ነበር፤ ጦር ዘመተ፣ የአየር ኃይል አውሮፕላኖችም ቦምብ ጣሉ። ነገሩ በዚያ ሳይፈታ ሲቀር የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተተኩ፣ የተከማቸ የግብር ዕዳ ተማረ፣ አዲሱ ግብርም በጎጃም በተግባር ሳይሰበሰብ ቀረ። የጠቅላይ ግዛት ገዥም በዘመኑ እንደራሴ መባሉ ለዚህ ታሪክ ቀላል ነገር አይደለም፤ ገበሬው በአንድ ቃል የሚጠሩ ሁለት ሰዎች ነበሩት፣ አንዱ የንጉሡ እንደራሴ፣ ሌላው የእርሱ፤ በ1960 ዓ.ም. ያስነሣው የመጀመሪያውን ሲሆን፣ ሁለተኛውን ጉዳዬ ብሎ አልጠራውም። ከሁለት ዓመት በፊት የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የዲማ ገበሬዎች በጌታቸው ላይ ሲነሡ ያሳያል፤ ዲማ የቢቸና ጎረቤት ነው፤ በልቦለዱም የገበሬዎቹን ነገር የሚይዝላቸው ከመካከላቸው የወጣ መሪ ነው። በ1961ና በ1965 ዓ.ም. በሰኔ ወር የተካሄዱት ምርጫዎች ገበሬው ስለ እንደራሴው የነበረውን ይህን አሳብ አላናወጡትም፤ ምክር ቤቱም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ተበተነ።

ደርግ የምርጫን ነገር ከላይ ዘግቶ ከታች ከፈተው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት አዋጅ ቁጥር 31 መሠረት ቢያንስ ሃያ ጋሻ ስፋት ባለው መሬት ላይ የሚኖሩ ገበሬዎች የገበሬ ማኅበር እንዲያቋቁሙ፣ ሊቀ መንበርና የፍርድ ሸንጎ ዳኞች እንዲመርጡ ተደረገ። የተመረጠው ሰው ጎረቤት በመሆኑ ይህ አደረጃጀት ለፈጅ የቀረበ መልክ ነበረው፤ ሆኖም ግብር፣ ኮታና የወታደር ምልመላ በእርሱ በኩል ማለፍ ሲጀምር፣ ሊቀ መንበሩ ከገበሬው ወኪልነት ወደ መንግሥት ወኪልነት ተሸጋገረ። ብሔራዊ ሸንጎ የተባለው ባለ 835 መቀመጫ ምክር ቤት ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. ሲመረጥ ለአንድ መቀመጫ እስከ ሦስት ዕጩ ቢቀርብም፣ ጥቆማው ከገዥው ፓርቲ ከኢሠፓ፣ ከሕዝባዊ ድርጅቶችና ከጦር ክፍሎች የሚመጣ ስለነበር፣ መራጩ የሚለየው በአንድ ወገን ሰዎች መካከል ነበር። የካቲትና መጋቢት 1983 ዓ.ም. ጎጃም በኢሕአዴግ እጅ ሲገባ ይህም ሥርዓት ከአዲስ አበባው ቀድሞ በቢቸናና በሞጣ አበቃ።

የሽግግሩ ዘመን የመጀመሪያ ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 1984 ዓ.ም. ለክልልና ለወረዳ ምክር ቤቶች የተካሄደ ሲሆን፣ በግንቦት 1986 ዓ.ም. የሕገ መንግሥት ጉባኤ፣ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተመረጡ። በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የሚመራው የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት ከ1986ና ከ1987ቱ ምርጫዎች ራሱን በማግለሉ፣ በአማራ ክልል ገጠር ሜዳው በኋላ ብአዴን ለተባለው ድርጅት የተተወ ነበር። በአዲሱ ሕገ መንግሥት ቃሉ ራሱ ተለወጠ፤ እንደራሴ ቀርቶ «የሕዝብ ተወካይ» መጣ። ክልሉ ከ547ቱ መቀመጫዎች 138ቱን ሲይዝ፣ የቀድሞዎቹ ሁለት አውራጃዎች ምድር በበርካታ የምርጫ ክልሎች ተከፋፈለ፤ የሚሠራበትም የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ከግማሽ በላይ ማግኘት ግዴታ አይደለም፤ ለምሳሌ ከአሥር ሺህ መራጭ አንዱ አራት ሺህ፣ ሁለቱ ሦስት ሦስት ሺህ ቢያገኙ፣ ባለ አራት ሺሁ መቀመጫውን ሲወስድ የስድስት ሺህ ሰው ድምፅ ያለ ወንበር ይቀራል።

በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል መንግሥት ያካሄደው የመሬት ሽግሽግ የዚህን ዘመን ውክልና ፈተነ። በሽግሽጉ በንጉሡ ዘመን ሹመት የነበራቸው «ፊውዳል»፣ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራር የሠሩ ደግሞ «ቢሮክራት» ተብለው ይዞታቸው ከሌላው አሳንሶ በአንድ ሄክታር እንዲወሰን ተደረገ። እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር አለ፦ «ቢሮክራት» ከተባሉት ብዙዎቹ በ1967ቱ አዋጅ ጎረቤቶቻቸው የመረጧቸው ሰዎች ነበሩ፤ መመረጥ ከሃያ ዓመት በኋላ መሬት የሚያስቀንስ ጥፋት ሆነ። ከጎጃም ጭምር የተነሡ ገበሬዎች አቤት ለማለት እስከ አዲስ አበባ ድረስ መጡ፤ ከመረጧቸው ገና ሁለት ዓመት የሆናቸው ተወካዮች በዚያው ከተማ ነበሩ፤ መንገዱ ግን የ1960ው መንገድ ነበር።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተካሄደው ምርጫ ለዚህ ምድር በእርግጥ አዲስ ነገር ነበር። የኢሕአዴግ ምልክት ንብ፣ የተቃዋሚው የቅንጅት ደግሞ ሁለት ጣት ሲሆን፣ ፊደል ያልቆጠረ መራጭ እንኳ በወረቀቱ ላይ ሥዕሉን አይቶ በሐሳብ መካከል መምረጥ ቻለ፤ ባላገሩ «ኮሮጆ» በሚለው የድምፅ ሳጥን ውስጥ የጣለው ወረቀትም ለመጀመሪያ ጊዜ ውጤቱ ቀድሞ ያልታወቀ ወረቀት ነበር። ቅንጅት በመላ አገሪቱ 109 የፓርላማ መቀመጫዎች ሲያገኝ፣ ከእነዚህ በርካታዎቹ ከአማራ ክልል ገጠር የመጡ ናቸው። ከምርጫው በኋላ የተከተለው ውዝግብና ግድያ፣ ከተመረጡትም አንዳንዶቹ ወደ ምክር ቤቱ አለመግባታቸው፣ መራጩ የሰጠውን ድምፅ ፍሬ ሳያይ እንዲቀር አደረገ።

ገዥው ድርጅት ከዚያ የተማረው ትምህርት ወደ ገበሬው ደጅ መውረድን ነበር። በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባላት እንዲኖሩት ሆኖ ሰፋ፣ የልማት ቡድንና አንድ ለአምስት የተባለው አደረጃጀት እያንዳንዱን ቤት ከቀበሌው ጋር አስተሳሰረ፤ ማዳበሪያ፣ ብድርና ስብሰባ በአንድ መስመር ሄዱ። በ2002 ዓ.ም. በአማራ ክልል ያሉትን የፓርላማ መቀመጫዎች ከሞላ ጎደል በሙሉ፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ከአጋሮቹ ጋር የአገሪቱን 547 መቀመጫዎች በሙሉ ገዥው ወገን ወሰደ። ቁጥሩ ሙሉ በመሆኑ ስምምነት የሰፈነ ቢመስልም፣ በ2008 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የተቀሰቀሰው ተቃውሞ ይህን ሙላት አንድ ዓመት ትንሽ እንዳለፈ ጥያቄ ላይ ጣለው።

ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲካሄድ፣ ገዥው ብልጽግና ፓርቲ በአገር አቀፍ ደረጃ 410፣ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ 5 የፓርላማ መቀመጫዎችን አገኙ። ዕለቱ በሃያ ዘጠኝ ዓመት ልዩነት የ1984ቱ ምርጫ ዕለት መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም፣ ሁለቱም ለጎጃም ገበሬ በእርሻ ጥድፊያ መካከል የዋሉ የክረምት መግቢያ ቀናት ነበሩ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀና የትጥቅ ግጭቱ ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ ጠመንጃ በሚናገርበት ቦታ ተወካይና ወካይ የሚገናኙበት አዳራሽ የለም።

የእንግሊዙ ኤድመንድ በርክ እ.ኤ.አ. በ1774 ለብሪስቶል መራጮች ተመራጭ የመራጩ ተላላኪ ሳይሆን በራሱ ፍርድ የሚወስን ሰው ነው ብሎ ነበር። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ሁለቱንም አሳቦች ይዟል፤ ተወካዩ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ተገዥ እንዲሆን ያዝዛል፣ የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ባጣበት ጊዜ ደግሞ በሕግ መሠረት ከአባልነቱ እንዲወገድ ይፈቅዳል። የቢቸናና የሞጣ ታሪክ የሚመሰክረው የዚህ ሁለተኛ አሳብ ሥር በአገሩ ጥንትም እንደነበረ ነው፤ ፈጅ ያልተሟገተ ቀን ይሻር ነበር፣ የጎበዝ አለቃም በተሰበሰቡት ፊት ይጠየቅ ነበር። ከ1950 ዓ.ም. ወዲህ የመጡት ምክር ቤቶች የገበሬውን ድምፅ ወሰዱ፤ ገበሬው ወኪሉን በቅርብ የሚጠይቅበትን ልማድ ግን በአሠራራቸው ውስጥ ቦታ አልሰጡትም፤ ስለዚህ ገበሬው በከበደው ቀን ሁሉ ከምክር ቤቱ ውጭ ተጠቀመበት።

ይህ ልማድ ወደ ምርጫው ሊገባ የሚችለው በጎረቤት ደረጃ፣ ተመራጩና መራጩ በአንድ ገበያ በሚውሉበት በቀበሌና በወረዳ ምክር ቤት ነው። የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ በመላ አገሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው።